አፕሎቼ ያብባሉ እንጂ አያፈሩም፤ ልቁረጣቸው?

የስፌት ቤቷ (ደብረ ማርቆስ)፣ ኅዳር 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

እንደምን ሰነበታችሁ፣ የጓሮ ወዳጆቼ። ዓመት ሙሉ የእናንተን እያነበብሁ ዝም ብዬ አልፍ ነበር። ዛሬ ግን ልቤን የከበደው ነገር አለና ልጠይቃችሁ።

ከስፌት ቤቴ ጀርባ በልብስ ሜትሬ የለካሁት 12 በ9 የሆነ ጓሮ አለኝ። በአጥሩ ጥግ አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የተከሏቸው ሰባት እግር ጌሾዎች ቆመዋል። ከጓዳው በር አጠገብ ጤና አዳም፣ በሶብላና ኮሰረት አለ፤ ቀጥሎ አንድ መደብ የሐበሻ ጎመን፣ አንድ መደብ ነጭ ሽንኩርት። መካከሉን የያዙት ሁለት የአፕል ዛፎች ናቸው። እንቅልፍ የሚነሱኝም እነሱ ናቸው።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት የተማሪዎች ዩኒፎርም ሰፍቼ በተከፈለኝ ገንዘብ ነው የገዛኋቸው። ማንንም ሳላስፈቅድ በራሴ እጅ ሥራ የገዛሁት የመጀመሪያው ነገር እነሱ ነበሩ። ሻጩ ሁለቱም «አና» የሚባለው ዝርያ መሆናቸውን ነግሮኝ፣ «በሦስተኛው ዓመት ፍሬ ትበያለሽ» ብሎ ሰጠኝ። ይኸው አራተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ቁመታቸው ከእኔ በልጧል፤ ቅጠላቸው ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ላያቸው ሰው ሁሉ ያማሩ ናቸው። ሲያብቡ ግን ቅጥ የላቸውም። አንዱ ቅርንጫፍ በጥቅምት፣ ሌላው በጥር፣ ሌላው በሚያዝያ ያብባል። አበባው ሲፈነዳ በጀርባው ሮዝ፣ በውስጡ ነጭ ነው። ሳምንት ሳይሞላው ይረግፍና ምስር የምታህል ጉብታ በጭራዋ ላይ ትቀራለች። ያቺም ትንሽ ቆይታ ቢጫ ትሆናለች፤ በጣቴ ጫፍ ስነካት ከነጭራዋ እጄ ላይ ትወድቃለች። ባለፈው ዓመት ከሁለቱም ዛፎች ያገኘነው ሦስት ፍሬ ብቻ ነው።

የማደርግላቸውን ልንገራችሁ። በየክረምቱ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ባልዲ የዶሮ ፍግ አፈስላቸዋለሁ። በበጋ በሳምንት ሁለት ቀን አንዳንድ ጀሪካን ውኃ ይጠጣሉ። በየታኅሣሡ ደግሞ ቅርንጫፉ ወግ እንዲይዝ በጎኑ የሚበቅሉትን አጫጭር ጉጦች በመቀስ አነሣለሁ። መቀሱ የተሳለ ነው፤ ልጣጩን አላቆስለውም።

ባለቤቴ «ጌሾው አንድም ዓመት አሳፍሮን አያውቅም፤ እነዚህ ይቆረጡና ቦታውን ጌሾ ይያዘው» ይላል። ተሳስተሃል ልለው አልችልም። የመድኃኔ ዓለም ዝክራችን ጠላ የሚጠመቀው ከዚያው ጌሾ ነው። ግን መጋዙን አንሥቶ ወደ ጓሮ ሲወጣ ባየሁት ጊዜ እንባዬ መጣ። እስከ ክረምት ታገሠኝ ብዬዋለሁ።

ምክንያቱ ምን ይሆን? ዝርያው ነው? አፈሩ ነው? ወይስ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ አበባውን እየመታው ነው? አንድ ነገር ልጨምር፤ ባሕር ዳር ያለችው እህቴ ከጣና የወጣ እንቦጭ በጆንያ ልላክልሽ፣ ለጉዝጓዝ ይሆናል ብላኛለች። ልቀበላት?

ከሞጣ፣ ኅዳር 9

እኔ በቀጥታ ልናገር። ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ሦስት አፕል ተክዬ ስድስት ዓመት ጠበቅሁ፤ የበላሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ቆርጬ ጌሾና ድንች አደረግሁበት፤ አልተጸጸትሁም። ጓሮዎ ጠባብ ነው፤ ጠባብ ቦታ ላይ የማይሰጥ ዛፍ ማቆየት ለእኔ አይታየኝም።

ዘንገና (እንጅባራ)፣ ኅዳር 10

ልጄ፣ መጋዙን ደብቂው። ዛፎችሽ ጤነኞች ናቸው። እኔ እዚህ እንጅባራ አሥራ አንድ እግር አፕል አለኝ፤ አንቺ ያልሽውን ሁሉ እኔም አይቼዋለሁ። የሞጣው ወንድማችንም የደረሰበት ይኸው ይመስለኛል።

መጀመሪያ ስለ መቀሱ። በየታኅሣሡ የምታነሻቸው አጫጭር ጉጦች ፍሬ የሚይዙት ክፍሎች ናቸው። አፕል ፍሬውን በአብዛኛው የሚይዘው ረጅሙ ቀንበጥ ላይ አይደለም። ያረጀው ቅርንጫፍ ጎን ላይ ከጣት የማይረዝም፣ የተጨማደደ፣ ጉልበት የመሰለ ጉጥ ይወጣል። ጫፉ ላይ ያለው እምቡጥ ወፍራምና ክብ፣ ሲነካ እንደ ከፋይ ለስላሳ ከሆነ አበባ ነው። ቀጭን ሆኖ ከቅርንጫፉ ጋር የተለጠፈው ቅጠል ነው። ነገ ጠዋት ውጪና ሁለቱን በጣትሽ ለይተሽ እያቸው። ከእንግዲህ የምትቆርጪው ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ የወጣውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውንና የደረቀውን ብቻ ይሁን።

ሁለተኛው ዋናው ነው። ሁለቱም አና ናቸው ብለሻል። አፕል ከራሱ ዝርያ በሚመጣ የአበባ ብናኝ እምብዛም አይፀንስም። ሁለት አና ጎን ለጎን ቢቆሙ ለአበባቸው አንድ ዛፍ ማለት ናቸው። ምስር የምታህለው ጉብታ ቢጫ ሆና የምትወድቀው ከሌላ ዝርያ ብናኝ ስላልደረሳት ነው። አና እስራኤል ውስጥ የተገኘ፣ ብዙ ብርድ የማይፈልግ ዝርያ ነው፤ ጓደኛው «ዶርሴት ጎልደን» የሚባለው ከባሃማስ የመጣ ቢጫ አፕል ነው። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ያብባሉ። አንድ ምክር ልጨምር፦ ጓደኛ ይሆንሻል ብሎ «ክሪስፒን» የሚሸጥልሽ ቢመጣ አትግዢ። ፍሬው መልካም ነው፤ ብናኙ ግን ለሌላው አይረባም። እኔ ገዝቼ ሦስት ዓመት አጥፍቻለሁ።

ሦስተኛው፣ የሚያብብበት ወር መዘበራረቁ። የአፕል አገሩ ቅጠል የሚያራግፍ ክረምት ያለበት ነው። ዛፉ በብርዱ ይተኛል፣ ሲሞቅ ሁሉም በአንድነት ይነቃል። የእኛ ደጋ ሌሊቱ ይበርዳል እንጂ ዛፉን ጨርሶ አያስተኛውም፤ ስለዚህ አንዱ ቅርንጫፍ ሲነቃ ሌላው ያንቀላፋል። መድኃኒቱ በእጅ ማስተኛት ነው፤ ጋሞ ጨንቻ ያሉ አፕል አምራቾችም ይህን ያደርጉታል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሬ ውኃ እከለክለዋለሁ። ጥር ላይ ቅጠሉን አንድም ሳላስቀር አነሣለሁ። ከዚያ በደንብ አጠጣዋለሁ። ወር ሳይሞላ ዛፉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ያብባል። ቅጠሉን ስታነሺ እምቡጡን ይዘሽ እንዳትነቅይ ተጠንቀቂ። ትዕግሥት ካለሽ የቅጠሉን ጭራ ትተሽ ቅጠሉን ብቻ በመቀስ ቁረጪ፤ ጭራው በራሱ ጊዜ ይወድቃል። ለስፌት ሰው ይህ አይከብድም።

የዶሮ ፍጉን ቀንሺ። የዶሮ ፍግ ኃይለኛ ነው፤ ዛፉን በቅጠል ያሰክረዋል። ጥቁር አረንጓዴ ያልሽው ራሱ ምልክት ነው። ለእያንዳንዱ በዓመት ግማሽ ባልዲ የተብላላ ይበቃዋል። ከምድጃሽ የሚወጣውን የእንጨት አመድ ግን አትጣዪ። የእኛ አገር ቀይ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ ገበሬው ኖራ የሚያደርግበት በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለት እፍኝ አመድ በዓመት አንድ ጊዜ ከቅርንጫፉ ጥላ ሥር በትኚ።

ደግሞ ወደ ላይ የቆሙትን ቅርንጫፎች አጋድሚያቸው። ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ እንጨት ያበዛል፤ ጋደል ያለ ፍሬ ያበዛል። እኛ በቀርከሃ ስንጥቅ እንወጥራቸዋለን።

እኔ ጋ ዶርሴት ጎልደን አለ። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ጊዜው ሲደርስ እንነጋገራለን።

የስፌት ቤቷ፣ ኅዳር 11

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ዛሬ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ወጣሁ። እንዳሉኝ በጣቴ ዳሰስሁ። ወፍራሙ እምቡጥ በእርግጥ ከፋይ ይመስላል፤ በሁለቱም ዛፎች ያገኘሁት ጥቂት ነው። የተቆረጡትን ጠባሳ ግን ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ በየአንድ ስንዝሩ አለ። በየዓመቱ በገዛ እጄ ያነሣሁት ፍሬ መሆኑን ሳውቅ እጅግ አዘንሁ። ባለቤቴን አስነብቤዋለሁ። «አንድ ዓመት ተጨምሮላቸዋል» አለ፤ መጋዙን ራሱ ወደ ጎተራው መለሰው።

የዘጌ ልጅ (ባሕር ዳር)፣ ኅዳር 12

እህቴ፣ ስለ አፕሉ የማውቀው የለኝም፤ ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ እዚህ ብርዱ አይበቃውም። ስለ እንቦጩ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም።

እባክሽ አትቀበይ። እንቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ግድም ነው፤ ዛሬ የደረሰበትን ሁሉም ያያል። እኔ ራሴ እስከ ወገቤ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ከነቀሉት አንዷ ነኝ። የደረቀ መስሎ ከግንዱ ቁራጭ አንዲት እርጥብ ክፍል ከቀረች መልሳ ታቆጠቁጣለች። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ከጓሮሽ የሚወጣው ጎርፍ ወዴት ይሄዳል? ወደ ጨሞጋ ነው፤ ጨሞጋም ወደ ዓባይ። በአንድ ጆንያ ጉዝጓዝ ምክንያት እንቦጭ በሌለበት ወንዝ እንቦጭ ብናስገባ ማን ይክሰናል? እህትሽ በደግነት ያሰበችው ነው፤ ግን እዚያው ባለበት ይቅር። ለጉዝጓዝ የጤፍ ጭድ ወይም የሣር ድርቆሽ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቀሽ አድርጊ።

ስለ ጌሾውም አንድ ነገር ልበል። እኛ ዘጌ በሬ ጠምደን አናርስም። አባቶቻችን የሚነግሩን አቡነ በትረ ማርያም ማረስንና ከብት ማርባትን ከልክለው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እንደሰጡን ነው። ልጅ ሆኜ ያየሁት ጌሾ ሁሉ የሚያድገው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። ስለዚህ አፕሉ ይቆረጥና ጌሾ ይተከል የሚለው ክርክር ለእኔ ክርክር አይደለም። ከአፕሉ ጥላ ወጣ ብሎ፣ በአጥሩ በኩል ሁለት ሦስት የጌሾ ችግኝ ጨምሪ፤ ሁለቱም ይኖራሉ። ባለቤትሽም ደስ ይላቸዋል።

ንብ አርቢው (ፍኖተ ሰላም)፣ ኅዳር 15

እትዬ፣ ጋሼ ዘንገና የተናገሩት ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ንቧ ነው። ጓደኛ ዝርያ ቢኖርም ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ ከሌለ ነገሩ ከንቱ ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት በአቮካዶ ነው። ከቡሬ አቅራቢያ ስምንት የተዳቀሉ ሃስ አቮካዶዎች ነበሩኝ፤ አበባቸው ዛፉን ይሸፍናል፣ ፍሬያቸው ግን ለዓይን አይሞላም ነበር። አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከሥሩ ተቀምጬ አበባውን አየሁ። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። ሃስ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሴት ሆኖ ይከፈትና ይዘጋል፤ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ሆኖ ይከፈታል። ኤቲንገርና ፉዌርቴ የሚባሉት በተቃራኒው ከሰዓት በኋላ ሴት፣ በማግሥቱ ጠዋት ወንድ ናቸው። አንዱ ሲሰጥ ሌላው ይቀበላል። ሁለት ኤቲንገር ከተከልሁና ቀፎዎቼን ካስጠጋሁ በኋላ ነው አቮካዶ የሸጥሁት።

ለእርስዎ የምመክረው ይህን ነው። ጓደኛ ዛፍ እስኪያድግ ዓመታት መጠበቅ የለብዎትም። አፕሎችዎ ሲያብቡ ከጋሼ ዶርሴት ጎልደን ላይ ያበቡ ቅርንጫፎች ተቆርጠው ይምጡልዎት። ውኃ በተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው ከአናዎቹ ቅርንጫፍ ላይ ይስቀሉት። ውኃውን በየቀኑ ከቀየሩት አራት አምስት ቀን ይቆያል። ንብ ከዚያ አበባ ወደ እርስዎ አበባ ስትመላለስ ሥራው ይሠራል። እርስዎም በዶሮ ላባ ከአንዱ ወደ አንዱ ማስነካት ይችላሉ። ብርዳማ ጠዋት ንብ ከቀፎዋ አትወጣም፤ ማርቆስ ላይ ከረፋዱ በፊት አይጠብቋት። አበባው እስኪያልፍ ድረስ እርስዎም ጎረቤትዎም ምንም የተባይ መድኃኒት አይርጩ። ይህን አደራ እላለሁ። ባለፈው ዓመት ከአጥሬ ማዶ አበባ ላይ መድኃኒት ተረጭቶ አንድ ሙሉ ቀፎ ንብ ደጄ ላይ ሞቶ አይቻለሁ።

የስፌት ቤቷ፣ ጥር 16

እንኳን ከጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ። እስካሁን የሆነውን ልንገራችሁ።

እንቦጩን አልተቀበልሁም፤ እህቴም ነገሩን ስነግራት ደነገጠች። በምትኩ አራት ሸክም የጤፍ ጭድ ገዝቼ ጎዘጎዝሁ። ሦስት የጌሾ ችግኝ በአጥሩ በኩል የቆፈረው ራሱ ባለቤቴ ነው።

ቅርንጫፎቹን ያጋደምሁት በገመድ አይደለም። ገመድ ልጣጩን እንደሚበላ ስላየሁ ከሱሪ ቁራጭ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ጨርቅ ቀድጄ፣ ጫፉን አጥፌ ሰፍቼ፣ አንዱን ጫፍ ቅርንጫፉ ላይ፣ ሌላውን መሬት ላይ ካለ ድንጋይ ጋር አሰርሁት። በየሳምንቱ ድንጋዩን ጥቂት ራቅ እያደረግሁ ቅርንጫፉን አወረድሁት። አንዱን ቸኩዬ በአንድ ቀን ሳወርደው ከሥሩ ተሰነጠቀ፤ በጨርቅ ጠምጥሜዋለሁ፣ ይድን ይሆናል።

ከጋሼ ጋር በስልክ ቀን ቆርጠን ነበር። ቃና ዘገሊላ ባለፈ ማግሥት፣ ጥር 13 ሰኞ፣ እሳቸው እንጅባራ እኔ ማርቆስ በአንድ ቀን ቅጠል አነሣን፤ አበባችን እንዲገናኝ። እኔ በመቀስ ጭራውን እየተውሁ ቆረጥሁ። ሁለቱ ዛፎች ሁለት ቀን ፈጁብኝ፤ መሰላል ላይ ሆኜ አንገቴ ደርቆ ነበር። ሁለተኛው ቀን ማታ ዛፎቹ ባዶ ሆነው ሳያቸው ፈራሁ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ምን በላቸው?» አለችኝ። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጀሪካን ውኃ አጠጣኋቸው። አሁን የምጠብቀው ብቻ ነው።

ዘንገና፣ ጥር 17

አትፍሪ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እምቡጡ ጫፉ ላይ እንደ አይጥ ጆሮ ትንሽ አረንጓዴ ያሳይሻል። ያንን ስታዪ ደውዪልኝ።

የስፌት ቤቷ፣ የካቲት 19

ጥር 29 ላይ የአይጥ ጆሮው ታየ። በነነዌ ጾም ሰሞን ሁለቱም ዛፎች በአንድ ሳምንት አበቡ። ከተከልኋቸው ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። በየጉጡ አምስት አምስት አበባ ሆኖ፣ የመካከሏ ቀድማ ትፈነዳለች፣ ሌሎቹ ዙሪያዋን ይከተላሉ። ሥራዬን አቁሜ በየሰዓቱ እወጣ ነበር፤ ደንበኞቼም አብረውኝ ይወጡ ነበር።

ጋሼ ያበቡ ስድስት ቅርንጫፎች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በመኪና ላኩልኝ። ጥቅሉን ስፈታው ጥቂቱ ጠውልጎ ነበር፤ ውኃ ውስጥ ካደረ በኋላ ቀና አለ። በአራት የፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጌ በሁለቱም ዛፎች ላይ ሰቀልሁት። ንብ አርቢው እንዳለው እስከ አራት ሰዓት ተኩል ድረስ አንድም ንብ አልመጣችም። ፀሐዩ ጓሮውን ሲሞላው ግን ድምፃቸው ከስፌት መኪናዬ በልጦ ተሰማኝ። ከላይ ያሉትን አበቦች ደግሞ በዶሮ ላባ እየነካካሁ ዞርሁ።

በዚያው ጥቅል ውስጥ ያላበቡ፣ እርሳስ የሚያካክሉ ሦስት የዶርሴት ቀንበጦች ነበሩ። ጋሼ በስልክ እየነገሩኝ በአንደኛው አና ላይ አዳቀልሁ። ቅርንጫፉን ቆርጦ መካከሉን መሰንጠቅ፣ ቀንበጡን በሁለት ወገን እንደ ሽብልቅ መቅረጽ፣ ከዚያ ስንጥቁ ውስጥ ማስገባት ነው። የሚያስቸግረው ከልጣጩ ሥር ያለውን ቀጭን አረንጓዴ ሽፋን ከቀንበጡ ሽፋን ጋር ማገናኘት ነው። ቀንበጡ ከቅርንጫፉ ስለሚቀጥን መሀል ላይ አይቀመጥም፤ በአንዱ ጎን ጠርዝ ለጠርዝ መግጠም አለበት። እጅጌን ከትከሻ ጋር እንደ መግጠም ነው፤ አንድ ክር ካለፈ ይጨማደዳል። በላስቲክ ጥብቅ አድርጌ ጠመጠምሁት፤ ጫፉን በሻማ ሰም ሸፈንሁት።

ዛሬ ጠዋት ጉብታዎቹን ነካሁ። አረንጓዴ ናቸው። በጣቴ ገፋ ሳደርጋቸው ይዘዋል።

ዘንገና፣ የካቲት 20

እሰይ ልጄ። እንግዲህ አሁን የሚከብደው ይመጣል። ፍሬዎቹ ሽምብራ ሲያክሉ ከየጉጡ አንድ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ትተሽ ሌላውን አንሺ። አንጀትሽ አይችልም፤ ግን አድርጊው። ሁሉንም ከተውሽ ሁሉም ትንንሽ ይሆናል፣ የታሰሩት ቅርንጫፎችም ይሰበራሉ።

የስፌት ቤቷ፣ ሰኔ 8

ብዙ ቆየሁባችሁ፤ ይቅርታ። የትንሣኤ ሰሞን የስፌት ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

በመጋቢት ፍሬዎቹን ቆጠርሁ፤ 117 ይዘው ነበር። ጋሼ ያሉኝን ለማድረግ ሦስት ቀን ፈራሁ፤ በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ ማለት ይቻላል ቆርጬ 52 አስቀረሁ። ሚያዝያ ላይ ወፎች መምጣት ሲጀምሩ ካረጁ ነጠላዎች ትንንሽ ከረጢት ሰፍቼ፣ አፉን በክር እየሳብሁ እያንዳንዱን ፍሬ አለበስሁት። ነጠላ አየር ያሳልፋል፣ ዝናብ ሲነካውም ቶሎ ይደርቃል። በግንቦት መጨረሻ የወረደው በረዶ የጎረቤቴን ጎመን እንደ ወንፊት ሲበሳሳው ከእኔ የወደቁት ስድስት ፍሬዎች ብቻ ናቸው።

ከሦስቱ ያዳቀልኋቸው ቀንበጦች ሁለቱ ይዘዋል፤ አንደኛው አሁን ክንድ ያህል ሆኗል። ሦስተኛው ደርቋል፤ ላስቲኩን ስፈታው ጠርዙ እንዳልገጠመ አየሁ። የተሰነጠቀው ቅርንጫፍ ድኗል፤ በላዩ አራት ፍሬ አለ።

የመጀመሪያውን ፍሬ ባለፈው እሑድ አወረድሁ። ከረጢቱን ስከፍት በአንዱ ጎኑ ቀይ፣ በሌላው ቢጫ አረንጓዴ፣ ወደ ታች ሾጠጥ ያለ ነው። ባለቤቴ በቢላዋ ለአራት ከፈለው። ልጆቹ ድርሻቸውን ወዲያው ጨረሱ፤ እሱ ግን የያዘውን አሽትቶ ቆየና «ከጌሾው ጎን ሌላ ጉድጓድ ልቆፍር እንዴ?» አለኝ።

ጋሼ፣ ረቡዕ ጠዋት ወደ እንጅባራ በሚመጣው መኪና አሥር ፍሬዎች በካርቶን ልኬልዎታለሁ። በጭድ ጎዝጉዤዋለሁ፣ አይላላጥም። ከላይ በቀይ ክር ያሰርኋቸው ሁለቱ ከተሰነጠቀው ቅርንጫፍ የወረዱ ናቸው። ክረምቱ እንደገባ አንድ የዶርሴት ችግኝ ቢያቆዩልኝ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ፤ ጉድጓዱ ተቆፍሯል።